በ«ይገባል» ላይ የተጨመረች አንዲት ፊደል

በአማርኛ ሰዋስው ትምህርት ጊዜ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሁለት ቃላትን ጎን ለጎን ጽፈን ልዩነታቸውን ተማሪዎችን የመጠየቅ ልማድ አለን። አንደኛው «ይገባል»፥ ሁለተኛው «ይገባኛል» ነው። ልጆቹ ወዲያው እጃቸውን አውጥተው በሁለተኛው ቃል ውስጥ «ኛ» የምትባል አንዲት ፊደል እንደ ገባች ይናገራሉ። የፊደሊቱ ሥራ ምን እንደ ሆነ ስንጠይቃቸውም ነገሩን ወደ ተናጋሪው የምታዞር መሆኗን ያስረዳሉ። መልሱ ትክክል ስለ ሆነ ወደሚቀጥለው ጥያቄ እንሻገራለን። ዳሩ ግን ያቺ ፊደል በአንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት የምታልቅ አይደለችም።

ድቁና የተማረ ሰው ይህንኑ ቃል አስቀድሞ በግእዝ ያውቀዋል። «ይደሉ» ማለት ይገባል ማለት ነው። በቅዳሴ ጊዜ ካህኑ ሕዝቡን ለምስጋና ሲጠራ ሕዝቡ በዚህ ቃል ይመልሳል፤ ምስጋና ለእግዚአብሔር የሚገባ መሆኑንም ይመሰክራል። በዚያች ሰዓት ባለጠጋውም ድኻውም፥ ሹሙም ተራውም የሚገባውን ሁሉ ወደ ላይ ያቀርባል እንጂ ለራሱ የሚያስቀረው የለም። ቅዳሴው አልቆ ጫማችንን አጥልቀን ከቅጽሩ ደጃፍ እንደ ወጣን ግን ያቺ አንዲት ፊደል ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። አንዳንድ ጊዜማ እስከ ደጃፉም አትጠብቅ፤ ምንጣፍ የሰጠው ሰው በምንጣፉ ላይ ማን እንደ ቆመ ዘወር ብሎ ሲመለከት እዚያው ውስጥ ተመልሳለች።

ውድ አንባብያን፥ በዚህ ጽሑፍ ልንነጋገርበት ያሰብነው ጉዳይ ይህ ነው፤ ይኸውም ሁሉም «ይገባኛል» በሚልበት መካከል ክርስቶስን ከልብ መከተል ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍልና፥ እኛ አንከፍልም ያልን እንደ ሆነ ያን ዋጋ ማን እንደሚከፍለው ነው።

አስቀድመን አንድ ነገር እንለይ። «ይገባኛል» ማለት ሁሉ ነውር ነው አንልም። የቀን ሠራተኛ የደከመበትን ደመወዝ፥ መበለት ከባሏ የቀረላትን መሬት ይገባኛል ብትል የእግዚአብሔርን ፍርድ መጠየቋ ነው፤ ሐዋርያው ያዕቆብም የተከለከለ የሠራተኛ ደመወዝ ወደ ሰማይ እንደሚጮኽ በመልእክቱ አስተምሯል። ድኻውን ዝም ለማሰኘት ትሕትናን የሚሰብክ ሰው ትሕትናን አላወቃትም። እኛ የምንናገረው ስለ ሌላው ይገባኛል ነው፤ ሠርግ ቤት ገብቶ «ከፍ ይበሉ» እስኪባል ድረስ በሩን ይዞ ስለሚቆመው፥ ለደብሩ ጥቂት ቆርቆሮ ሰጥቶ በሰበካ ጉባኤው ውስጥ ቃሉ የመጨረሻ ቃል እንዲሆን ስለሚሻው፥ ወረፋ በሌላው ሰው ላይ ብቻ የተጣለ ቀንበር ስለሚመስለው ሰው ነው።

ይህ ጠባይ በልጆቻችንም ላይ ደርሷል፤ ያደረስነውም እኛ ነን። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ኩረጃን ለመከላከል ሲባል በየትምህርት ቤቱ መሰጠቱ ቀርቶ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰብስበው በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ተፈተኑ። በጥር ወር ውጤቱ ሲገለጥ ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆነው ተገኙ። ለዚህ ውድቀት ጦርነቱም፥ ወረርሽኙም፥ የመጽሐፍ እጥረቱም፥ የእኛ የመምህራኑም ስንፍና ድርሻ እንዳለው አንክድም። በዚያ ሰሞን በመምህራን ማረፊያ ክፍላችን የሰማነው የወላጆች አቤቱታ ግን ከልባችን አልወጣም። ልጄ ለምን አላወቀም ብሎ የመጣ ወላጅ በጣት የሚቈጠር ነበር፤ የሚበዛው «ዐሥራ ሁለት ዓመት አስተምሬዋለሁ፤ ማለፍ ይገባዋል» ይል ነበር።

የቆሎ ተማሪ በነበርን ጊዜ ደበሎ ለብሰን፥ አኩፋዳ አንጠልጥለን በየደጁ በእመቤታችን ስም ስንለምን ቁራሽ እንጀራ የወጣልን ቀን አለ፤ ውሻ ብቻ የወጣብን ቀንም አለ። ምንም ባይሰጠን ተበደልን ብለን ከበሩ ላይ የምንከራከርበት ነገር አልነበረም። ያን ኑሮ ጣፋጭ አድርገን ለማውራት አንሻም፤ ረኀቡ ረኀብ ነበር፥ እከኩም እከክ ነበር። ነገር ግን እንጀራ የሚሰጥ እንጂ የሚገባ አለመሆኑን በሆዳችን ተምረን ነበር። ትምህርቱን በኋላ እንዴት እንደ ረሳነው ወደ ታች እንናገራለን።

የዘብዴዎስ ልጆች በቀኝና በግራ መቀመጥን በለመኑ ጊዜ ጌታችን የመለሰላቸው ስለ ወንበሩ ሳይሆን ስለ ጽዋው ነበር፤ እርሱ የሚጠጣውን ጽዋ መጠጣት ይቻላቸው እንደ ሆነ ጠየቃቸው። እንችላለን ብለው ቶሎ መመለሳቸው ዋጋውን ገና አለመጠየቃቸውን ያሳያል። ግንብ ሊሠራ የወደደው ሰውም ምሳሌ የተነገረው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያሰላ ነው።

ወጪውን አስልቶ የከፈለ ሰው እንዲታየን ወደ አንድ አባት ታሪክ እንለፍ፤ ዘመኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን። ቤተ ክርስቲያናችን ግንቦት 12 ቀን ፍልሰተ አጽሙን የምታስብለት ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ የአንጾኪያ ሰው ነው። አባቱ የጦር ሹም ነበረ፤ እርሱ ሕፃን ሳለ ስለ ሞተ እናቱ አንቱሳ በ20 ዓመቷ ገደማ መበለት ሆና አሳደገችው። ንግግርን የተማረው ከዘመኑ ዝነኛ አንደበተ ርቱዕ ከሊባንዮስ ዘንድ ነበር። በተማረው ትምህርት ሹመትና ገንዘብ ይገባኛል ቢል ማንም አይደነቅም ነበር። እርሱ ግን ወደ ተራራ ወጥቶ በዋሻ ተቀመጠ፤ በጾምና በብርድ ሆዱ ተጐድቶ ስለ ታመመ ወደ ከተማ ተመለሰ፤ ደዌውም እስከ ዕለተ ሞቱ አልተለየውም። በ381 ድቁና፥ በ386 ቅስና ተቀበለ።

በአንጾኪያ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጕም ለሕዝቡ ሒሳብ ያሰላላቸው ነበር። የከተማይቱ ቤተ ክርስቲያን ገቢ ከባለጠጎች መካከል ዝቅተኛ ከሆነው ከአንዱ ሰው ገቢ እንደማይበልጥ፥ በዚያው ገቢ ግን በየቀኑ 3,000 መበለቶችንና ደናግልን እንደምትመግብ ነገራቸው። ባለጠጎቹ ሁሉ እንዲሁ ቢያደርጉ በከተማው የሚራብ እንደማይኖር የሒሳቡ ውጤት ግልጥ ነው። ይህን የሰማው ሰው አጨበጨበ፤ በዚያ ዘመን በስብከት መካከል ማጨብጨብ የተለመደ ነበርና። ዮሐንስ ጭብጨባውን አልወደደውም፤ ያጨበጨበው እጅ ወደ ከረጢቱ አልገባምና።

በ398 የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ሆነ። ከእርሱ በፊት የነበረው ኔክታርዮስ ከመሳፍንት ወገን የመጣ ሰው ስለ ነበረ የጳጳሱ ቤት የታላላቆች ግብዣ ቤት ሆኖ ቈይቶ ነበር። ዮሐንስ የቤቱን የወጪ መዝገብ አስመጥቶ መረመረ። ትርፍ ሆኖ ያገኘውን ወጪ ቈርጦ ለሕሙማን ማከሚያ ቤት አዋለው፤ ለቤተ ክርስቲያን ጌጥ ተብሎ የተቀመጠውን ዕብነ በረድ ሸጠው፤ ግብዣ መጥራትንና በግብዣ መገኘትን ትቶ ለታመመ ሆዱ የምትስማማውን ጥቂት ምግብ ብቻውን ይበላ ጀመር።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቈይ፤ የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ነውና። ያ ማዕድ ሲዘጋ ከቶ የተራበ ባለጠጋ አልነበረም። ነገር ግን ለዓመታት በዚያ ማዕድ የተቀመጡ ሰዎች ወንበሩን እንደ ርስታቸው ቈጥረውት ነበር። ርስቱ የተነቀለበት ሰው ደግሞ ዝም አይልም። ቀድሞ ለማዕዱ የተከፈለውን ዋጋ በሕሙማኑ አልጋ ላይ ማንም አላየውም፤ ማዕዱ መቅረቱን ግን ከተማው ሁሉ አየ። ስለዚህ በ403 በኬልቄዶን አጠገብ በተሰበሰበው ጉባኤ ላይ 29 ክሶች የያዘ መዝገብ ሲቀርብበት ከክሶቹ አንዱ ብቻውን መብላቱ ነበር። ዕብነ በረዱን መሸጡም እንዲሁ ተቈጥሮበታል። ከሳሹ እርሱ ራሱ ያባረረው ዲያቆን መሆኑን ስናነብ ዲያቆናት የሆንን ሁሉ አንገታችንን እንደፋለን።

ጉባኤውን የመራው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ቴዎፍሎስ መሆኑን ስንጽፍም ብዕራችን ይከብዳል፤ አባቶቻችን ናቸውና። እውነቱን ግን መሸሸግ አይገባም። የቴዎፍሎስ የእኅቱ ልጅ ቅዱስ ቄርሎስ ከዓመታት በኋላ የዮሐንስን ስም በቤተ ክርስቲያን ጸሎት ውስጥ መጠራቱን ተቀብሏል። በእኛም ዘንድ ከ14ቱ ቅዳሴያት መካከል በዮሐንስ አፈ ወርቅ ስም የሚጠራውና በቄርሎስ ስም የሚጠራው በአንድ መጽሐፍ ተጠርዘው በአንድ መንበር ላይ ይነበባሉ።

ዮሐንስንም ቢሆን ያለ ጕድለት የነበረ ሰው አድርገን አናቀርበውም። ጠባዩ ለስላሳ አልነበረም፤ ቃሉ ይሰነጥቅ ነበር፤ በዝምታ ሊታለፍ የሚችለውንም አያልፍም። ከግዞት ቶሎ ተመልሶ ሳለ፥ በቤተ ክርስቲያኑ አቅራቢያ ለንግሥቲቱ ለአውዶክስያ የብር ምስል በዓምድ ላይ ቆመ፤ የምረቃው ዘፈንና ጫጫታ ጸሎቱን ስላወከ በግልጥ ተቃወመ። ምናልባት ብልህ ሰው ጥቂት ቀን ይታገሥ ነበር። በ404 ሰኔ ወር ለሁለተኛ ጊዜ ተጋዘ፤ በአርመን ተራሮች ወዳለችው ወደ ኩኩሶስ ተወሰደ። ከዚያ ሆኖ የጻፋቸው ከ200 የሚበልጡ ደብዳቤዎች ዛሬም አሉ። ከእነዚህ 17ቱ የተጻፉት ሀብቷን ለድኾች ለበተነችው ለዲያቆናዊት ኦሎምፒያስ ነው፤ እርስዋም ከእርሱ ጋራ ስለ ቆመች በፍርድ ቤት ተከስሳ፥ ገንዘብ ተቀጥታ ከከተማው ወጥታለች። በኋላ ዮሐንስ ከዚያም ወደ ራቀ ስፍራ እንዲሄድ ታዝዞ በፀሐይና በዝናብ ሲነዱት ኮማና በምትባል ቦታ መስከረም 14 ቀን 407 ዐረፈ። በ438 አጽሙ በክብር ወደ ቁስጥንጥንያ ሲመለስ ተቀብሎ ስለ ወላጆቹ በደል ይቅርታ የለመነው ንጉሥ ቴዎዶስዮስ የዚያችው የአውዶክስያ ልጅ ነበረ። የብር ምስሉ ጠፍቷል፤ የቆመበት ድንጋይ ግን በኢስታንቡል እስካሁን አለ።

ይህን ታሪክ ለተማሪዎቻችን ብዙ ጊዜ ነግረናል። በነገርን ቍጥር አንድ ሌላ ታሪክ በጉሮሯችን ይቆማል፤ ዛሬ እርሱን እናውጣው።

ከ15 ዓመት ገደማ በፊት በአንዲት ትንሽ ከተማ የ8ኛ ክፍል አማርኛ እናስተምር ነበር። ከትምህርት ቤቱ አንደኛ የሚወጣው አንድ ተማሪ ብቻ ምግብና መኝታ ችሎ ወደሚያስተምር አዳሪ ትምህርት ቤት በነፃ ይገባ ነበር። በዚያ ዓመት የምትመራው እናቷ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ አንዲት ልጅ ናት። ሁለተኛው የአበልጃችን ልጅ ነበር። አበልጃችን የበኵር ልጃችን የክርስትና አባት ነው፤ ወደዚያች ከተማ አዲስ ተዛውረን ስንሄድ አንድ ዓመት ሙሉ ያለ ኪራይ በጓሮ ቤቱ አስቀምጦናል፤ ለደብሩም ጣራ ቆርቆሮ ሰጥቷል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህ በደንብ ይታወቅልን።

አንድ ማታ ባዶ እጁን መጣ። ቡና ተፈላ። «መምህር፥ እርስዎ ያውቃሉ፤ እኔ ለዚህ ሕዝብ ያልሆንኩት ነገር የለም። ለልጁ የጐደለው ሁለት ማርክ ነው አሉ። ይገባዋል» አለን። እኛም እሺ አላልንም፥ እምቢም አላልንም። ሦስተኛውን ጠጥቶ ሄደ።

መብራት ጠፍቶ ስለ ነበረ በሻማ ብርሃን የልጅቱን የድርሰት ወረቀት አውጥተን ስሕተት ፈለግን። የጻፈችው ስለ ወፍጮ ቤት ወረፋ ነበር፤ ከንጋት ጀምሮ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ተራዋን ስትጠብቅ ባለጊዜዎች እየቀደሟት ፀሐይ እንደ ጠለቀች በሚገባ ተርካ ነበር። ከ20 ማርክ 18 ሰጥተናት ነበር። ስሕተት አጣን፤ ስለዚህ ለእጅ ጽሕፈት ብለን ሦስት ቀነስን። በሮስተሩ ላይ 15 ጻፍን። ልጁ በአንድ ማርክ በለጠ።

ውጤቱ በተለጠፈ ማግስት ልጅቱ ወደ መምህራን ማረፊያ በር መጥታ ቆመች። «መምህር፥ የትኛው ላይ እንደ ተሳሳትኩ ቢያሳዩኝ» አለችን። «የእጅ ጽሕፈትሽ ነው» አልናት። እጅ ነሥታ፥ «እሺ፥ አሻሽላለሁ» ብላ ሄደች።

ልጁ ሄደ፤ ጎበዝ ስለ ነበረ ተምሮ መሐንዲስ ሆነ፤ ስለ ነገሩም ምንም አያውቅም ነበር። ልጅቱ እዚያው እስከ 10ኛ ተምራ እናቷ ስትታመም አቋረጠች። እኛ ለስድስት ዓመት ንስሐ ስንገባ ስንፍናን፥ ቁጣን፥ የጾም መፍታትን እንናገር ነበር፤ ይህን ግን እንደ ኀጢአት ሳይሆን እንደ ውለታ መመለስ ቈጥረነው ከዝርዝሩ ውጭ አድርገነው ነበር። በመጨረሻ ለሽማግሌው የንስሐ አባታችን በነገርናቸው ጊዜ ብዙ ዝም አሉ። ከዚያም፥ «ልጄ፥ ስግደትና ጾም ልሰጥህ እችላለሁ፤ እርሱ ያንተ ሒሳብ ነው። አንተ ያልከፈልከውን የከፈለችውን ልጅስ ማን ይከፍላታል?» አሉን። ለልጅቱም፥ ለርእሰ መምህሩም፥ ለአበልጃችንም በአፋችን እንድንናገር አዘዙን።

ርእሰ መምህሩ በጽሑፍ ገሠጹን፤ የደረጃ ዕድገታችን ሁለት ዓመት ዘገየ፤ ይህ ቀላሉ ነበር። አበልጃችን ነገሩን ሲሰማ የልጁን ስም ለማጥፋት እንደ ተነሣን ቈጠረው። «አንተ» አለን፤ በአበልጅነታችን ዘመን ሁሉ እርስዎ ሲለን የኖረ ሰው። ከዚያ ወዲህ የጽዋ ማኅበሩ ተራ ወደ እኛ ቤት ሲደርስ እርሱ አይመጣም። ልጃችንም ለጥምቀት አዲስ ልብስ ለብሶ የክርስትና አባቱ ለምን እንደማይመጣ ጠየቀን። የምንመልስለት ነበረን፤ ገና ልጅ ስለ ነበረ ግን አልነገርነውም። አሁን ነግረነዋል።

ልጅቱን ያገኘናት በወረዳው ፍርድ ቤት ደጅ ነው። ጥላ ዘርግታ፥ ትንሽ ጠረጴዛ አቁማ ለባለጉዳዮች ማመልከቻ ትጽፋለች። በባለጉዳይ በርጩማዋ ላይ ተቀምጠን ከሻማው ብርሃን ጀምሮ ሁሉንም ነገርናት። ብዕሯን ይዛ እስከ መጨረሻው ሰማችን። በፊቷ የተጀመረ ማመልከቻ ነበረ፤ ፊደሉ በብራና ላይ እንደ ተጣለ ጽሑፍ ቀጥ ብሎ፥ አንዱ ከአንዱ ሳይነካካ ተሰልፎ ነበር።

«ታዲያ የእጅ ጽሕፈቴ ያን ጊዜ መጥፎ አልነበረም?» አለችን።

«አልነበረም» አልናት።

ወረቀቱን ትንሽ አስተካከለች። ከኋላችን አንድ ሽማግሌ የታጠፈ ዶሴ በብብታቸው ይዘው ቆመው ነበር።

«መምህር፥ ወረፋ አለ» አለችን። ተነሥተን በርጩማውን ለሽማግሌው ለቀቅን።